ያልታመመ ክርኔን ስላዳኑልኝ

ለክቡር ዶክተር፣ የክርን ሕመም ምርመራና ሕክምና ጥናት ዋና ተመራማሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ባልደረቦችዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለሁለቱም ክርኖችዎ፣ ለቀኙም ለግራውም፣ ለየብቻቸው ጤና እመኛለሁ። እንዲህ ነጣጥዬ መመኘቴ ግር ቢልዎት አይፍረዱብኝ፤ በእርስዎ ጥናት ውስጥ ሰባት ወር የከረመ ሰው ቀኝና ግራን ለይቶ ሳይናገር እንኳን መታከም ሰላምታ ማቅረብም ያስፈራዋል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት ነኝ። ስሜን ብጽፍ እንደማያውቁኝ፣ ቁጥሬን ብጽፍ ግን ከወንበርዎ ብድግ እንደሚሉ ስለማውቅ በቁጥሬ መጥቻለሁ። ሥራዬ ጨርቅ መቁረጥ ነው። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ስድስት ድርብ ጨርቅ በአንድ መቀስ እየቆረጥኩ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። አምና ግድም የቀኝ ክርኔ፣ ከውጭ በኩል ጎላ ብላ የምትታየው አጥንት ጋ፣ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ መቀስ ስይዝ ነበር፤ ቀጥሎ የበር እጀታ ሳዞር፤ አሁን ኩባያ ሻይ ሳነሳም ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ጠዋት ጠዋት የኮቴን ቁልፍ የሚቆልፍልኝ ባለቤቴ ነው። እሱ ግድግዳ ቀቢ እንጂ ሞግዚት አይደለምና ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ዘልሎ ይቆልፈዋል፤ እኔም አንድ ወገኔ ከፍ፣ አንድ ወገኔ ዝቅ ብሎ ከተጣላ ሰው መሐል የወጣሁ መስዬ ሥራ እገባለሁ።

የምለምንዎት ነገር ትንሽ ነው፤ በአንዲት ወረቀት ላይ አንዲት ፊርማ። ካርዴ ከእርስዎ ቁም ሣጥን ወጥቶ፣ በዚያው ኮሪደር ሦስት በር ዝቅ ብሎ ወዳለው መደበኛ የአጥንት ክሊኒክ እንዲሄድና የቀኝ ክርኔን አንድ ሐኪም ያለ ወረፋ እንዲያይልኝ ነው። ይህ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ ጠረጴዛዬ ለሌላ ቆራጭ ይሰጣል፤ ከመቁረጥ በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። ቅሬታዬን እንደ ቅጾችዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ቁጥር ሲያዩ ደስ እንደሚልዎ ተገንዝቤያለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። ወደ ጥናቱ የገባሁ ዕለት ፊት የሌለው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው የተሳለበት ወረቀት ተሰጥቶኝ የሚያመኝን ቦታ ምልክት እንዳደርግበት ታዘዝኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልሸሽግም። እኛ ቆራጮች ጨርቁን በገጹ አናየውም፤ ገጹን ወደ ታች ደፍተን በጀርባው ላይ ነው በጠመኔ የምናሰምረው፤ ስለዚህ የለባሹ ቀኝ ሁልጊዜ በእኛ ቀኝ በኩል ይውላል። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን የለመደ ዓይን የእናንተን ሰውዬ ሲያይ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አልታየውም፤ የተደፋ ጨርቅ ነው የታየው። በቀኜ በኩል ባለው ክርን ላይ ምልክቴን አደረግኩ፣ ፈረምኩ፣ ወረቀቱን መለስኩ። ሥዕሉ ግን ወደ እኔ የዞረ ሰው ነበርና ምልክቴ ያረፈው በግራ ክርኑ ላይ ነው። ይህን የሰማ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይሳቅብኝ፣ ይገባኛል። የእኔ ጥያቄ፣ ክቡር ሆይ፣ አንዲት ሴት ቀኝ ክንዷን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ከፊታችሁ ተቀምጣ ሳለ ሁላችሁም ወረቀቱን ብቻ ያያችሁት ስለምን ነው የሚል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርመራው ጥልቀት አመሰግናለሁ። በጥናቱ ለመታቀፍ ክርኑ ሲጫኑት ማመም ይኖርበታል ተብሎ ነበር። እርስዎም በአካል መጥተው የግራ ክርኔን አጥንት በአውራ ጣትዎ እንዲያ አድርገው ሲጫኑት ጮህኩ። በእውነቱ እንደዚያ ተጭነውት የማይጮህ ክርን በምድር ላይ ካለ ሊጠና የሚገባው እሱ ነው። የለም የሚያመኝስ ይሄኛው ነው ብዬ ለማሳየት ቀኝ እጄን ስዘረጋልዎ ደግሞ ለስንብት መስሎዎት ጨበጥ አድርገው ነቀነቁት። ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ ኮከብ ነው የታየኝ፤ ድምፄም ተዘጋ፤ እንባዬም ወረደ። እርስዎ ለረዳቶችዎ፣ ሴትዮዋ ስለተቀበልናት እንዴት ደስ እንዳላት ተመልከቱ ማለትዎን ሰምቻለሁ።

ሕመሙ የቴኒስ ተጫዋቾች ክርን እንደሚባል የተነገረኝም ያኔ ነው። እኔ የቴኒስ ኳስ በቅርብ ያየሁት ወለል እንዳይቧጥጥ ተብሎ በወንበር እግር ሥር ተሰክቶ ነው፤ ቢሆንም ስሙ ክብር ያለው ስለመሰለኝ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኩት። ቀጥሎ ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሚሆን ስጠየቅ ስምንት አልኩ። የትኛው ክርን ተብዬ አልተጠየቅኩም። የሚያም ክርን አንድ ብቻ ስለነበረኝ እኔም ማብራራት አላስፈለገኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ለኪዋ ነርስ። ይህች ልጅ ደግ ናት፣ እጇም ለስላሳ ነው፣ እርሷን ክፉ አይንካት። ነገር ግን በጥናቱ ደንብ መሠረት ውጤቱ እንዳይዛባ ለኪዋ ከታካሚው አፍ ምንም ነገር መስማት የለባትም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ በግራ እጄ የመለኪያውን መጨበጫ አስይዛ ጉልበቴን ስትለካ፣ አፌን ከፈት ባደረግኩ ቁጥር እትዬ በፈጠረዎት ዝም ይበሉልኝ፣ እንጀራዬ ነው እያለች ትለምነኛለች። አንድ ቀን ሳልናገር በምልክት ላስረዳት ብሞክር ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉኝን ሰዎች አይቻለሁ፤ በጽሑፍ ታዝዞ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ያየሁት ግን በእናንተ ዘንድ ነው።

አራተኛ፤ መርፌው። መርፌ ወጊው ወጣት የግራ እጅጌዬን ሲሰበስብ አቤት አቤት ብዬ ተነሳሁ፣ የሚያመኝ ቀኙ መሆኑንም ነገርኩት። እሱ የመስማት ክልከላ ስላልነበረበት ሰማኝ፤ ደንግጦም ሊጠይቅ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ እንዳልነበረ ሆኖ ነበር። ወረቀቱ ግራ ይላል፣ ከሥሩም የራሴ ፊርማ አለ፣ መረጃውም ኮምፒውተር ገብቷል፤ ቀኙ ነው ካልኩ መስፈርቱን አላሟላምና እሰረዛለሁ፤ ከተሰረዝኩ ደግሞ የመደበኛው ክሊኒክ ወረፋ መጨረሻ እገባለሁ፣ እሱም አሥራ አንድ ወር ነው፤ ስድስት ሳምንት ብቻ ከታገስኩ ግን ቀኙም ይታይልኛል፤ እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ስድስትና አሥራ አንድን አነጻጽሬ ስድስቱን መረጥኩ፣ በሳምንትና በወር መካከል ያለውንም ልዩነት ቆጥሬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ጤነኛ ክርኔ ላይ ሦስት መርፌ ተወጋሁ፣ ማሰሪያ አሰርኩ፣ እንቅስቃሴ ሠራሁ።

በስድስተኛው ሳምንት የተሰጠኝ ቅጽ የግራ ክርን ሕመም ከአሥር ስንት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል? እናቴ ስታሳድገኝ ውሸት አላስተማረችኝም። እንግዲህ በእናንተ መዝገብ ስምንት ሆና የገባች ክርን በስድስት ሳምንት ዜሮ ሆና ወጣች ማለት ነው፤ በጥናቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ፈውስ ታይቶ እንደማያውቅ ከዚያ በኋላ ከሰው ሁሉ ሰምቻለሁ። ቀኙስ ብዬ ስጠይቅ ግን ሌላ ወረቀት ወጣ። ተሳታፊዎች ለአንድ ዓመት ክትትል ይደረግባቸዋል፣ በዚያም ጊዜ በማናቸውም ክርናቸው ላይ ሌላ ሕክምና እንዳያገኙ ይጠበቃሉ የሚል ነበር። ይጠበቃሉ የሚለውን ቃል የመረጠው ሰው አጥር የሚያጥር መሆን አለበት።

አምስተኛ፤ ለመሥሪያ ቤቴ ስለጻፉት ደብዳቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አለቃችንን እኛ ሜትር ነው የምንለው፤ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሜትር ክፉ ሰው አይደለም። ሕመሜን አይቶ ከመቁረጫው አንስቶ የተሰፋ ልብስ ወደማጣጠፉ አዛውሮኝ ነበር። ማኅተም ያለበት የእርስዎ ደብዳቤ ሠራተኛዋ ሙሉ በሙሉ ድናለች፣ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ትመለስ ብሎ ሲደርሰው ግን በዚያው ቀን መለሰኝ። ያበጠውን ክርኔን ገልጬ አሳየሁት። እሱም እጄን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና እጄን አየ፤ ከዚያ ማጣጠፉ ተመችቶሽ ነው እንጂ ዶክተር እንዲህ ብሎ ጽፎ አንቺ እንዴት ታመምኩ ትያለሽ ሲል በሰው ፊት ገሠጸኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ ሰነፍ ተብዬ አላውቅም። የምቆርጠው ከቀድሞው ግማሽ ስላልሞላ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከልኩ ጠረጴዛውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ልሂድ ስለው ለዳነ ሰው የሐኪም ቤት መላኪያ አልጽፍም አለኝ፤ በእርስዎ ወረቀት ከሄድን እውነቱን ነው።

እንግዲያውስ ከጥናቱ ልውጣ ብዬ ነበር። የፈቃደኝነት ቅጽዎ በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ መውጣት እንደምችል በደማቅ ቀለም ይናገራልና ደስ ብሎኝ ካርድ ክፍል ሄድኩ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ መውጣት መብቴ መሆኑን፣ ካርዴ ግን የጥናቱ መሆኑን አስረዳኝ። እኔ ዛሬውኑ መውጣት እችላለሁ፤ ካርዴ የሚወጣው ዓመቱ ሲያልቅ ወይም ዋናው ተመራማሪ ሲፈርሙ ነው። ያለ ካርድ ክሊኒኩ አያየኝም። አዲስ ካርድ አውጡልኝ ስለው ለአንድ ሰው ሁለት ካርድ ክልክል ነው አለኝ። ሌላ ሰው ነኝ ልበል እንዴ ብዬ ብቀልድ ሰውዬው ከልቡ አሰበበትና አይሆንም፣ አሁን አይቼዎታለሁ አለኝ።

ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩልዎ። የመጀመሪያው በሚመለከተው አካል እየታየ ነው ተባለ፤ ሁለተኛው ጠፋ፤ ለሦስተኛው ግን መልስ አገኘሁ፣ እሱም የጥሪ ወረቀት ነበር። የጥናቱ ውጤት በአዳራሽ ሲቀርብ በክብር እንግድነት እንድገኝ ተጋበዝኩ። ከእርስዎ ጋር ፊት ለፊት የምገናኝበት ቀን መጣ ብዬ ባለቤቴ ኮቴን ሦስት ጊዜ እስኪያስተካክል ታግሼ ሄድኩ። መድረክ ላይ አወጡኝ፣ የግራ እጄን አነሱት፣ አምስት ኪሎ ብረት አስያዙኝ። አነሳሁት። ምን ያቅተዋል? ታሞ አያውቅ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እርስዎም እያጨበጨቡ እኔም እንዳጨበጭብ በዓይንዎ ጠቀሱኝ፤ እኔ ግን ሁለት መዳፍ ማጋጨት ከተውኩ ቆይቻለሁና ቆሜ ቀረሁ። ሲወርዱ ልናገርዎ ብል በሰው ተከበው ነበር። ሴትዮዋ ኮራች የሚል ድምፅ ከፊተኛው ረድፍ ሰማሁ። ከዚያ አዳራሽ እልህና ሐፍረቴን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስድስተኛ፤ ከአዳራሹ በሳምንቱ የደረሰኝን ደብዳቤ በሚመለከት። የተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት ውጤት እጅግ አስደሳች በመሆኑ ክትትሉ በአንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲራዘም ተወስኗል ይላል። እንኳን ደስ አለሽ የሚልም አለበት። እግዜር ይስጥልኝ።

ከደብዳቤው ጋር የተሻሻለው ደንብ ተያይዞልኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ባለቤቴም ቀለም የነካ ጣቱን እያንቀሳቀሰ አብሮኝ አነበበ። በዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ሁለታችንም ቆምን። የተጠናው ክርን ሕመም ከተመለሰና ከአሥር አራት ከደረሰ፣ የጉልበት መለኪያውም ይህን ካረጋገጠ፣ ተሳታፊው በዚያው ቀን ከነካርዱ ወደ መደበኛው ክሊኒክ ይላካል፤ በዚያም ሁለቱም ክርኖቹ ይመረመራሉ ይላል። ፊርማ አያስፈልግም። ወረፋም የለም። ከዚህ ጥናት መውጫው በር ይኸው አንድ ብቻ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ደግሞ በትክክል ሠርታችሁታል፣ ይከፈታል።

ዋሽተሽ አራት በያቸው አለኝ ባለቤቴ። እሱንም ሞከርኩ፤ ለኪዋ ነርስ ቃሌን ስለማትሰማ የምታምነው መሣሪያዋን ነው፣ መሣሪያዋም የግራ እጄን ጉልበት እንደ አዲስ እያወደሰ ይጽፋል። እንግዲህ መሣሪያው ራሱ ካላመነ አልወጣም ማለት ነው።

ስለዚህ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በግራ እጄ እየቆረጥኩ ነው። መቀሱ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ሲይዙት እጀታው አውራ ጣትን ይበላል፣ ስለቱም ጨርቁን ይሸሻል፣ ስድስቱን ድርብ ለማለፍ ከክርን ጀምሮ መግፋት ይጠይቃል። እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ቀኙን ምን እንዳደረገው አውቃለሁ፣ ግራውንም በስንት ቀን ምን እንደሚያደርገው እገምታለሁ። ሜትር ሲያየኝ ጎበዝ፣ ብልሃት አገኘሽ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ባለቤቴ ግን ኩርፊያ ላይ ነው። ሁለቱም እጆችሽ ከሄዱ ምን ልትሆኚ ነው ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ብዙ ቆየ፣ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም ፈርቻለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ቀልድ የጻፍኩት ቃል ቢኖር ይህ ነው፤ ፈርቻለሁ። ጤነኛ እጄን በገዛ እጄ እያበላሸሁ መሆኔን አውቃለሁ፣ ሌላ በር ያሳየኝ ግን የለም።

ደብዳቤውን በንግግሬ ልክ በወረቀት ያሰፈረልኝ ይኸው ባለቤቴ ነው። ፊደሉ ከግድግዳ ላይ የወረደ ይመስል ቢተልቅብዎት ሙያው ነውና ይታገሡት፤ በመሐል የራሱን ቃላት ሊያስገባ ሞክሮ ሦስት ቦታ ሰርዤበታለሁ፤ የሰረዝኩትን ቢያነቡ ኖሮ የእኔን አክብሮት በእጥፍ ያደንቁልኝ ነበር።

ይህንኑ እየገለጽኩ፣ ጥናትዎ እንዲሰፋ፣ አዳራሽዎ እንዲሞላ፣ አውራ ጣትዎም እንደ ድሮው ብርቱ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ላልታመመው ክርኔ ላደረጉለት እንክብካቤ ሁሉ ከነባለቤቴ ከወገባችን ጎንበስ ብለን እናመሰግናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በፍጹም ፈውስ የተመዘገበችው
ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት

በድጋሚ፤ ደብዳቤውን ካሸግነው በኋላ የፈታነው ለዚህች አንዲት ወሬ ነው። ዛሬ ጠዋት እርጥብ ፎጣ ስጨምቅ የግራ ክርኔ፣ ከውጭ በኩል፣ ውግት አደረገኝ። ለመዝገብዎ ይሆን ዘንድ፤ ከአሥር ሁለት ነው። እኔ ቸኮልኩ እንጂ እርስዎ አይቸኩሉ፤ አራት ሲሞላ ራሴ እመጣለሁ።